ድረ ገጻችሁ ለሁሉም እንዲነበብ፦ በደሴና በኮምቦልቻ ለሚሠሩ ድርጅቶች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ በደሴና በኮምቦልቻ ለሚሠሩ ፋብሪካዎች፣ ባንኮች፣ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች፣ ሆቴሎችና የግል ኮሌጆች ሥራ አስኪያጆችና የሰው ሀብት ኃላፊዎች፤ እንዲሁም ድረ ገጽ ለሚሠሩላቸው ባለሙያዎች

ጉዳዩ፦ ድረ ገጾቻችሁ ለአካል ጉዳተኞችና በአነስተኛ ስልክ ለሚጠቀሙ ሰዎች የሚነበቡ እንዲሆኑ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፦

እኔ በደሴ ከተማ የኮምፒውተር ትምህርት የማስተምር ስሆን፣ ከተማሪዎቼ መካከል ማየት የተሳናቸው ወጣቶች ይገኙበታል። እነዚህ ወጣቶች በኮምፒውተርም ሆነ በስልክ የሚያነቡት፣ የሚጽፉትና መልእክት የሚለዋወጡት ስክሪን ሪደር በሚባል፣ ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ወደ ድምፅ በሚለውጥ ፕሮግራም አማካይነት ነው። ተመርቀው ሥራ መፈለግ ሲጀምሩ የሚገጥማቸው የመጀመሪያ እንቅፋት ግን ከችሎታቸው ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ብዙዎቹ ድርጅቶች ክፍት የሥራ ቦታ ሲኖራቸው ማስታወቂያውን በወረቀት አትመው፣ ፈርመውና ማኅተም አሳርፈው፣ ከዚያም ወረቀቱን በስልክ ፎቶ አንስተው ወይም ስካን አድርገው ምስሉን ብቻ በድረ ገጻቸው ላይ ያወጡታል። በምስል ውስጥ ያለ ጽሑፍ ደግሞ ለስክሪን ሪደር ጽሑፍ አይደለም።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ በድረ ገጻችሁ ላይ የምታወጡት ማስታወቂያ ጽሑፍ ሆኖ ይውጣ። በዚህ ደብዳቤ ሌሎች ጉዳዮችንም አነሳለሁ፤ ነገር ግን ከሁሉም አንዱን ብቻ ለመፈጸም አቅምና ጊዜ ያለው ድርጅት ካለ ይህንን ይፈጽም።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ባጭሩ ላስረዳ። በዊንዶውስ ላይ የሚሠራው ኤንቪዲኤ የተባለው ስክሪን ሪደር በነጻ የሚገኝ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ሥራውን የጀመረው ማይክል ከረን የተባለ ራሱ ማየት የተሳነው አውስትራሊያዊ ነው። በአንድሮይድ ስልኮች ላይ ቶክባክ የሚባለው ተመሳሳይ ፕሮግራም ይገኛል። ኢስፒክ ኤንጂ የተባለው ነጻ የድምፅ ፕሮግራም አማርኛን ያነባል፤ ድምፁ የማሽን ቢሆንም ለለመደው ጆሮ ይበቃል። ይህ ማለት አንድ ማየት የተሳነው ወጣት ገንዘብ ሳያወጣ፣ ባለችው ስልክ ላይ፣ በራሱ ቋንቋ ማንበብ ይችላል ማለት ነው። በእርሱ በኩል የሚያስፈልገው ሁሉ ተሟልቷል። ፕሮግራሙ ወደ እናንተ ማስታወቂያ ሲደርስ ግን «ግራፊክ» ብሎ ያልፋል፤ አንዳንዴም ካሜራው ለፎቶው የሰጠውን የቁጥር ስም ዘርዝሮ ይጠራና ዝም ይላል። የሥራው መደብ ምን እንደሆነ፣ ምን ያህል ልምድ እንደሚጠይቅ፣ ማመልከቻው መቼ እንደሚዘጋ አንድም የሚሰማ ነገር የለም።

ከምስል ላይ ፊደል እየለቀሙ ወደ ጽሑፍ የሚመልሱ ፕሮግራሞች መኖራቸውን አውቃለሁ። በጥራት በታተመና ቀጥ ብሎ በተነሳ ወረቀት ላይ ይረዳሉ። ተጣሞ በተነሳ፣ የአንሺው ጥላ ባረፈበት፣ ሐምራዊ ማኅተም የመጨረሻዎቹን መስመሮች በሸፈነው ፎቶ ላይ ግን የሚያወጡት አማርኛ የሚታመን አይደለም። በማስታወቂያ ላይ ደግሞ የተሳሳተ አንድ አኃዝ ብዙ ያበላሻል፤ 13 የነበረው ቀን 18 ተብሎ የተነበበለት ሰው የሚደርሰው ምዝገባው ከተዘጋ በኋላ ነው።

ማስታወቂያው በምስል የሚወጣበት ምክንያት ይገባኛል። በአገራችን ማኅተም የሌለው ወረቀት ተቀባይነት የለውም፤ በቴሌግራም ደግሞ የድርጅቶችን ስም እየጠሩ ሐሰተኛ የቅጥር ማስታወቂያ የሚያሰራጩና ከሥራ ፈላጊው ገንዘብ የሚቀበሉ ሰዎች አሉ። አንድ የሰው ሀብት ኃላፊ ማኅተሙን ማሳየት የሚፈልገው ሥራ ፈላጊው እንዳይታለል በማሰብ ነው፤ ይህ ጥንቃቄ የሚወቀስ አይደለም። ይሁን እንጂ የማኅተምን ምስል ከአንዱ ማስታወቂያ ቆርጦ በሌላው ላይ መለጠፍ ለአታላይ የደቂቃዎች ሥራ በመሆኑ፣ ምስሉ የታሰበውን ዋስትና አይሰጥም። የማስታወቂያውን እውነተኛነት የሚያረጋግጠው በራሳችሁ ድረ ገጽ፣ ከእናንተ በቀር ማንም ሊጽፍበት በማይችለው አድራሻ ላይ መውጣቱ ነው። ማኅተም ያለበትን ቅጂ ማሳየት የግድ ከሆነም ጽሑፉን አስቀድሞ አስፍሮ ምስሉን ከሥሩ ማያያዝ ይቻላል። ደግሞም ጽሑፉ ቀድሞውኑ አለ። ጸሐፊዋ ማስታወቂያውን ከማተሟ በፊት በኮምፒውተር ጽፋዋለች፤ ድርጅቱ ያንን የተጻፈ ነገር ትቶ ወደ ወረቀት፣ ከወረቀት ወደ ፎቶ ይወስደዋል። እኔ የምጠይቀው አዲስ ሥራ እንዲጨመር ሳይሆን፣ የተሠራው ሥራ እንዳለ ወደ ድረ ገጹ እንዲገለበጥ ነው።

ጥቅሙ ማየት ለተሳናቸው ብቻ አይደለም። ከወረኢሉ ወይም ከመካነ ሰላም ሆኖ ሥራ የሚፈልግ ተመራቂ ማስታወቂያችሁን የሚከፍተው በትንሽ የዳታ ጥቅል፣ አንዳንዴ ብቅ አንዳንዴ ጥልቅ በሚል ኔትወርክ ነው። ለየቋንቋው ፊደላት በኮምፒውተር ውስጥ የየራሳቸውን ቁጥር በሚሰጠው ዩኒኮድ በሚባል ሥርዓት፣ በድረ ገጾች በተለመደው አጻጻፍ፣ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። እንግዲህ 1,000 ፊደል ያለው ማስታወቂያ በጽሑፍ 3 ኪሎ ባይት ያህል ነው። ያው ማስታወቂያ በስልክ ካሜራ ተነሥቶ 3 ሜጋ ባይት ሲሆን አንድ ሺህ ጊዜ ይከብዳል ማለት ነው፤ ክብደቱንም የሚከፍለው ሥራ የሌለው ሰው ነው። ጽሑፍ ከሆነ ደግሞ በጎግል ተፈልጎ ይገኛል፣ ሳይደበዝዝ ይተልቃል፣ ከከሚሴና ከአካባቢዋ ለሚመጣው የአፋን ኦሮሞ ተናጋሪም በመተርጎሚያ ፕሮግራም ሊገለበጥ ይችላል። ምስል ከእነዚህ አንዱንም በቀላሉ አይፈቅድም።

ሕጉም በዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 568/2000፣ የአካል ጉዳተኛውን እኩል የሥራ ዕድል የሚያጠብ ማንኛውም ሕግ፣ አሠራር፣ ልማድ ወይም አመለካከት ሕገ ወጥ መሆኑን ይደነግጋል። አንድ ሰው ሊያነበው በማይችል መልክ ብቻ የወጣ የሥራ ማስታወቂያ፣ በእኔ እምነት፣ አዋጁ ከሚከለክላቸው አሠራሮች የሚቆጠር ነው፤ ማመልከት ያልቻለ ሰው በፈተናና በቃለ መጠይቅ እኩል ይታያል ቢባል ምን ይጠቅመዋል? ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 9 ስለ ተደራሽነት ሲናገር ሕንፃንና መጓጓዣን ብቻ ሳይሆን የመረጃና የመገናኛ ቴክኖሎጂዎችን ጭምር ይጠቅሳል። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 መሠረት ደግሞ የጸደቀ ዓለም አቀፍ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች በተሽከርካሪ ወንበር ለሚንቀሳቀሱና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች አመቺ መግቢያ እንዲኖራቸው ያዘዘ ሲሆን፣ በደሴ ይህን መፈጸም ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ከተማችን በጦሳ ተራራ ሥር በተዳፋት ላይ የተሠራች ናት፤ መወጣጫ ለመሥራት መሬት፣ ድንጋይና ሲሚንቶ ይጠይቃል፣ አንዳንዱ ሕንፃም ጨርሶ ቦታ የለውም። ድረ ገጽ ግን ይህ ሁሉ ችግር የለበትም። ለሕንፃው ያቀረባችሁት ምክንያት ተቀባይነት ቢኖረው እንኳ ለድረ ገጹ አይሠራም።

ከማስታወቂያ ቀጥሎ የሚያሳስበኝ ቅጽ ነው። ከፒያሳ እስከ ሰኞ ገበያ ባሉ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች ሰዎች ተሰልፈው፣ ከፍለው፣ የራሳቸውን የኢንተርኔት ቅጽ ሌላ ሰው ሲሞላላቸው ይውላሉ። የሚሞላላቸው ሰው መታወቂያቸውን፣ የስልክ ቁጥራቸውን፣ የይለፍ ቃላቸውን፣ በስልካቸው የመጣውን የማረጋገጫ ቁጥር ሳይቀር ይቀበላል። አብዛኞቹ እነዚህ ባለሙያዎች ታማኝ ሰዎች ናቸው፤ ነገር ግን የአንድ የባንክ ደንበኛ ምስጢር በሦስተኛ ሰው ኮምፒውተር ላይ መተየቡ ለደንበኛውም ለባንኩም አደጋ ነው። ድርጅቶች ይህን ሲያዩ «ሕዝባችን ቴክኖሎጂ አያውቅም» ይላሉ። ቅጾቹን አንድ በአንድ ለተመለከተ ሰው ግን ጥፋቱ የሕዝቡ አይደለም። በሳጥኑ ውስጥ በስሱ የተጻፈው መመሪያ መጻፍ ሲጀመር ይጠፋል፤ ሰውየው ምን ተጠይቆ እንደነበር ተመልሶ ማየት አይችልም። ስሕተት ሲገኝ ሳጥኑ ቀይ ይሆናል እንጂ ምን እንደተሳሳተ አይነገርም፤ ከተነገረም በእንግሊዝኛ ነው። ተሳስቶ የላከ ሰው የሞላው ሁሉ ተደምስሶ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ሮቦት አለመሆኑን እንዲያረጋግጥ የተጣመሙ የላቲን ፊደላት ይቀርቡለታል፤ በስልክ የሚላከው ቁጥርም ኔትወርኩ አዘግይቶ ሲያመጣው ጊዜው አልፏል።

ማየት ለተሳነው ሰው ይህ ሁሉ በእጥፍ ይከብዳል። የሳጥኑ ስም በገጹ ኮድ ውስጥ ከሳጥኑ ጋር ካልተያያዘ ስክሪን ሪደሩ የሚለው «ኤዲት» ብቻ ነው፤ ስም ይሁን የሒሳብ ቁጥር የሚጠየቀው አይታወቅም። ቀዩን ሳጥን አያየውም። የተጣመሙትን ፊደላት በድምፅ የሚያሰማ አማራጭ ካልተዘጋጀ ደግሞ ከዚያች ገጽ አያልፍም። የዓለም አቀፉ የድር ደረጃ አውጪ ተቋም፣ ወርልድ ዋይድ ዌብ ኮንሶርሺየም፣ የድረ ገጽ ይዘት ተደራሽነት መመሪያን ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ በኦክቶበር 2023 ያወጣው 2.2 የተባለው ቅጂ በዚሁ በቅጽ ጉዳይ ላይ አዳዲስ መስፈርቶችን ጨምሯል። በአንድ ሒደት ውስጥ አንድ ጊዜ የተሰጠ መረጃ በድጋሚ እንዳይጠየቅ፣ ወደ ሒሳብ ለመግባትም የማስታወስ ወይም እንቆቅልሽ የመፍታት ችሎታ ብቸኛ መንገድ እንዳይሆን ይላል። እነዚህ መስፈርቶች የተጻፉት ለአካል ጉዳተኞች ቢሆንም፣ በጽሕፈትና በፎቶ ኮፒ ቤቱ ደጃፍ የተሰለፈውን ጤነኛ ሰው ሁሉ የሚያሳርፉ ናቸው።

በቅጾች ውስጥ የዘመን አቆጣጠር ነገር በተለይ ያሳስበኛል፤ ጉዳቱ ወዲያው አይታይምና። የልደት ቀን የሚሞላው ብዙ ጊዜ ከውጭ ተዘጋጅቶ በመጣ የቀን መምረጫ ሲሆን፣ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አንድም ቦታ አይገልጽም። ጥር 12 ቀን 1978 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በዚያ ሳጥን ውስጥ 1978ን ሲመርጥ፣ ትክክለኛው ጃንዋሪ 20 ቀን 1986 ስለነበረ፣ በድርጅቱ መዝገብ ላይ ስምንት ዓመት አርጅቶ ይመዘገባል። በጳጉሜን የተወለደ ደግሞ ወሩን ፈልጎ አያገኘውም። ይህ ስሕተት ከመታወቂያው ጋር ሳይጣጣም ቀርቶ ሒሳቡ የሚታገድበት፣ ወይም ከዓመታት በኋላ በጡረታ ጊዜ የሚያከራክርበት ቀን ይመጣል። ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ ቃለ መጠይቁ «8:00» ላይ መሆኑን ያነበበ ሥራ ፈላጊ ከምሳ በኋላ መጥቶ ሁሉም ነገር አልቆ ይጠብቀዋል። ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተቀብሎ ከውስጥ መለወጥ፣ ሰዓቱንም «ጠዋት 2 ሰዓት» ብሎ መጻፍ ለሠለጠነ ባለሙያ የሚከብድ አይደለም። የስም ሳጥኖችም የራስን፣ የአባትንና የአያትን ስም ለይተው ቢጠይቁ ብዙ ምልልስ ይቀራል።

ስለ ቀለምና ስለ ፊደል መጠንም መናገር አለብኝ። እ.ኤ.አ. በ2006 በተካሄደው አገር አቀፍ የዓይን ጤና ጥናት መሠረት ከሕዝባችን 1.6 በመቶ የሚሆነው ማየት የተሳነው ሲሆን፣ 3.7 በመቶ የሚሆነው ደግሞ የማየት አቅሙ የደከመ ነበር። ይህ ሁለተኛው ቁጥር ከመጀመሪያው በእጥፍ የሚበልጥ ሆኖ ሳለ ማንም አያስበውም። እነዚህ ሰዎች ነጭ በትር አይዙም፤ ስልካቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ያነባሉ። ለዓይን ሕክምና ወደ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ከሚመላለሱት መካከል የእናንተ ደንበኞችና ሠራተኞች እንዳሉ አልጠራጠርም። ለእነርሱ በነጭ ላይ የተጻፈ ስስ ግራጫ ፊደል ባዶ ገጽ ነው። የተደራሽነት መመሪያው በተለመደ መጠን ለተጻፈ ጽሑፍ የፊደሉና የመደቡ የብርሃን ልዩነት ቢያንስ 4.5 ለ1፣ ለትልልቅ ፊደላት 3 ለ1 እንዲሆን ያዛል። ብዙ ድርጅቶች የሚወዱት ደማቅ ቢጫ በነጭ ላይ ሲጻፍ ልዩነቱ 1.07 ለ1 ብቻ ነው፤ በኮምቦልቻ የቀትር ፀሐይ ጤነኛ ዓይን ያለው ሰውም አያነበውም። የግዕዝ ፊደል ደግሞ ከላቲኑ ይበልጥ ዝርዝር ቅርጽ አለው። «ሚ» እና «ሜ» የሚለያዩት በእግራቸው ጫፍ ባለች ትንሽ ምልክት ነው። ለእንግሊዝኛ ታስቦ በተወሰነ መጠን አማርኛን መጻፍ ምልክቶቹን ያጠፋቸዋል፤ ስለዚህ የአማርኛው ገጽ ተለቅ ያለ ፊደልና ሰፋ ያለ የመስመር ርቀት ይፈልጋል። ጽሑፉ ሁለት እጥፍ ሲተልቅ ከገጹ ጠርዝ እየወጣ እንዳይቆረጥም መታየት አለበት።

የአማርኛው ገጽ በራሱ ሌላ ሐዘን ነው። በኮምቦልቻ የሚሠሩ፣ ሠራተኞቻቸውም ደንበኞቻቸውም አማርኛ ተናጋሪ የሆኑ ድርጅቶች ድረ ገጻቸው በእንግሊዝኛ ብቻ የሆነበት፣ ወይም «አማርኛ» የሚለው ቁልፍ ተጭኖ የሚገኘው ባዶ ገጽ የሆነበት ሁኔታ አለ። አማርኛው በተሟላበት ገጽ ላይ እንኳ የማይታይ ጉድለት ይኖራል። ገጹ በምን ቋንቋ እንደተጻፈ ለፕሮግራሞች የምትናገር አንዲት አጭር መለያ በኮዱ መጀመሪያ ላይ ትገባለች፤ ከውጭ በተገዙ ዝግጁ ገጾች ላይ እንግሊዝኛ ተብሎ እንደተጻፈ ይቀራል። ስክሪን ሪደሩም ይህን አምኖ የግዕዝን ፊደል ማንበብ በማይችል የእንግሊዝኛ ድምፅ ይጀምራል። የማስተካከያው ሥራ ሁለት ፊደል መለወጥ ነው። በተጨማሪም የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 ቅጂ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የተሠሩት የአማርኛ መጻፊያዎች የግዕዝን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ አስቀምጠው ይሠሩ ነበር። አሁንም በእነዚያ የሚጽፉ ቢሮዎች አሉ። በዚያ መንገድ ተጽፎ በፒዲኤፍ የወጣ ሰነድ ለዓይን አማርኛ ይመስላል፤ ለስክሪን ሪደሩ ግን ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ነው።

መስማት የተሳናቸው ወገኖቻችንንም ልብ በሉ። «ለበለጠ መረጃ ይደውሉ» ብሎ የስልክ ቁጥር ብቻ የሚያስቀምጥ ድርጅት እነርሱን አያስተናግድም፤ የጽሑፍ መልእክት ወይም የቴሌግራም አድራሻ አብሮ ይቀመጥ፤ በድረ ገጹ ላይ የሚወጣ ቪዲዮም ንግግሩ በጽሑፍ ይቅረብበት።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የሆነውን እዚህ መዘርዘር አያስፈልገኝም፤ እናንተም ከተጎዱት መካከል ናችሁ። በዚያ ጦርነት እጃቸውን ወይም ጣቶቻቸውን ያጡ ሰዎች በመካከላችን ይኖራሉ። እነዚህ ሰዎች ማውስ መያዝ ስለማይችሉ በኪቦርድ ብቻ ይሠራሉ፣ ወይም ስልካቸውን በአንድ ጣት ወይም በጣት አንጓ ይነካሉ። በታብ ቁልፍ የማይደረስበት የድረ ገጽ ክፍል ለእነርሱ የለም ማለት ነው። እርስ በርስ የተጠጋጉ ጥቃቅን ቁልፎችም እንዲሁ፤ መመሪያው ቁልፍ ቢያንስ 24 በ24 ፒክስል እንዲሆን ያስቀመጠው ለዚህ ነው። ወሎ ለቆሰለ ሰው ቤቱን የሚከፍት ሕዝብ መሆኑን ሳስብ፣ በስማችን የሚሠሩት ድርጅቶች በዚህ ረገድ ቸልተኛ መሆናቸው ያሳዝነኛል።

አንዳንድ ነጋዴዎች ለድርጅቶች አቋራጭ ያቀርባሉ፤ በድረ ገጹ ጥግ ላይ አንድ ቁልፍ ሲለጠፍ ገጹ ሁሉ በራሱ ተደራሽ ይሆናል ይላሉ። እባካችሁ በዚህ አትታለሉ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እንዲህ ያለውን ምርት የሚሸጠው አክሰሲቢ የተባለ ኩባንያ በአሳሳች ማስታወቂያ ምክንያት 1 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል የሚያደርግ ትእዛዝ ይፋ አድርጓል። ስም ያልተሰጠውን ሳጥን ስም የሚሰጠው፣ ፎቶውን ወደ ጽሑፍ የሚመልሰው የገጹ ባለቤት ነው። ወጪው ከአቅም በላይ ነው የሚለው መከራከሪያም አዲስ አይደለም። ብሩስ ማጉዋየር የተባለ ማየት የተሳነው አውስትራሊያዊ የሲድኒ ኦሊምፒክ ድረ ገጽ ምስሎች በቃላት የሚገልጻቸው አማራጭ ጽሑፍ የላቸውም ብሎ ሲከስ አዘጋጅ ኮሚቴው ብዙ ገንዘብና ጊዜ ይፈጃል ብሎ ተከራክሮ ነበር፤ የአገሪቱ የሰብአዊ መብት ኮሚሽን ግን ክርክሩን ባለመቀበል እ.ኤ.አ. በ2000 ለከሳሹ ወሰነ፤ ኮሚቴው 20,000 የአውስትራሊያ ዶላር ካሳ እንዲከፍልም ተፈረደበት። የእኛ ከተሞች ጉዳይ ወደ ክስ እንዲሄድ አልመኝም። ከክስ በፊት በመነጋገር ሊፈታ የሚችል ነው ብዬ ስለማምን ነው የጻፍኩላችሁ።

እንግዲህ የሰው ሀብት ክፍላችሁ ከሚቀጥለው የሥራም ሆነ የጨረታ ማስታወቂያ ጀምሮ ጽሑፉን በገጹ ላይ እንዲያሰፍር ትእዛዝ ስጡ። ይህ በጀት አይጠይቅም፣ የቦርድ ውሳኔም አያስፈልገውም። አዲስ ድረ ገጽ ስታሠሩ ወይም የነበረውን ስታሻሽሉ በውሉ ውስጥ የተደራሽነት መመሪያው 2.2 ቅጂ፣ መካከለኛ የሆነው የሁለት ኤ ደረጃ እንዲሟላ አንድ አንቀጽ አስገቡ፤ ውሉ ያልጠየቀውን ባለሙያው አይሠራውምና። ሥራውን ከመረከባችሁና የመጨረሻውን ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ማውሱን ነቅላችሁ በኪቦርድ ብቻ ቅጹን እስከ መጨረሻው ሙሉ፤ በስልክ ቶክባክን ከፍታችሁ ገጹን አድምጡ፤ ርካሽ ስልክ ይዛችሁ ደጅ ፀሐይ ላይ ወጥታችሁ ክፈቱት። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ስክሪን ሪደር አዘውትሮ የሚጠቀም ሰው አስፈትኑበት፤ ለሥራውም ክፈሉት። እናንተ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ከምታገኙት ይልቅ እርሱ በጥቂት ደቂቃ የሚያገኘው ጉድለት ይበልጣል። ይህ እውቀት ሙያ በመሆኑ በነጻ እንዲሰጥ መጠበቅ ተገቢ አይመስለኝም።

ዋና መሥሪያ ቤታችሁ አዲስ አበባ የሆነ የባንክና የኢንሹራንስ ቅርንጫፎች ድረ ገጹ በእጃችሁ እንዳልሆነ ትነግሩኝ ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን ደንበኛው በምን ቦታ ላይ እንደተሰናከለ የምታዩት እናንተ ናችሁ፤ ቅጹን መሙላት አቅቶት ወደ መስኮታችሁ የመጣውን ሰው ጉዳይ በወሩ ሪፖርታችሁ ውስጥ ብታስገቡት፣ ዋናው መሥሪያ ቤት በሌላ መንገድ የማያገኘው መረጃ ይሆናል።

ለወጣት ባለሙያዎቹ በተለይ የምለው አለኝ። በከተሞቻችን ያሉትን ድረ ገጾች ከሚሠሩት ብዙዎቹ በአካባቢው ኮሌጆችና በወሎ ዩኒቨርሲቲ የተማሩ ናቸው። ለርዕስ የርዕስን፣ ለቁልፍ የቁልፍን መለያ በኮዱ ውስጥ መጠቀም፣ ለምስል አማራጭ ጽሑፍ መጻፍ፣ ለሳጥን ስም መስጠት ከመጀመሪያው ቀን ከተለመደ ጊዜ አይወስድም፤ ከተሠራ በኋላ መመለስ ነው የሚከብደው። ደንበኛችሁ ባይጠይቃችሁም አስረዱት። በተቋማቱም ይህ ጉዳይ ለብቻው የሚሰጥ ትምህርት ባይሆን እንኳ የመመረቂያ ፕሮጀክቶች ከሚመዘኑባቸው ነጥቦች አንዱ ቢሆን እመኛለሁ።

በእኔ በኩል፣ ለመሞከር ፈቃደኛ የሆነ ማንኛውም ድርጅት በሰጠን ቀን ከተማሪዎቼ ጋር ቢሮው ድረስ መጥተን ድረ ገጹን በፊቱ እንፈትሻለን፤ ያገኘነውንም በጽሑፍ እንሰጠዋለን። የተገኘውን ጉድለት ለሕዝብ የማውጣት ሐሳብ የለንም። የምንፈልገው እንዲስተካከል ብቻ ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

በደሴ ከተማ የኮምፒውተር መምህር

ግልባጭ፦
ለወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት
በደሴና በኮምቦልቻ ለሚገኙ የአካል ጉዳተኞች ማኅበራት